አረፋ የጠጣ ሞተር

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሰባ ስምንት ሞላኝ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። መኪናዬንም እነዳለሁ... እነዳ ነበር። ዛሬ መብራት ላይ ቀጥ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይወርዳል፣ ድርግም። ከኋላ ጥሩምባ በጥሩምባ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በላብ ተጠምቆ እስከ ቤቴ ድረስ ገፋልኝ።

ልጄ ደጅ ቆማለች።

"አባዬ፣ በቃ። ቅዳሜ ብረት በኪሎ የሚገዛው ሰውዬ ይመጣል።"

"የእናትሽስ ሻንጣ?"

"በሰው እንልከዋለን።"

በሰው! ባለቤቴ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ "ልብሴን ለእህቴ አንተ ራስህ አድርስልኝ" ነው ያለችኝ። በሰው አላለችም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

መካኒኩ መጣ። የሞተሩን ኮፈን ከፍቶ ጆሮውን ደቀነ።

"አየር ይገባል አባባ። የሆነ ቱቦ ቀዳዳ አለው። ሰኞ እመለሳለሁ፣ ሥራ በዝቶብኛል።"

ሰኞ ምን ሊያይ? ባዶ ቦታዋን?

ደግሞ ቀዳዳ! ዕድሜዬን ሙሉ የጎማ ቀዳዳ ስደፍን ለኖርኩ ጎሚስታ! ሳቄ መጣ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሳሙና በጠበጥኩ። ሞተሩን አስነስቼ ቱቦውን ሁሉ በብሩሽ ቀባሁ። ጎማ ቢሆን ቀዳዳው ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጠበቅሁ... ምንም።

"ቀዳዳ የለም። መካኒኩ ውሸታም ነው" አልኳት ልጄን።

"እሺ አባዬ።"

ምነው በሰደበችኝ!

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጠዋት ደገምኩት። ልጄ ወደ ሥራ ልትሄድ ቦርሳዋን አንጠልጥላ አጠገቤ ቆመች።

"እዚህ ጋ ለምን አልቀባህም?"

"ቀብቻለሁ።"

"ታዲያ አረፋው የታለ?"

አጎነበስኩ። እውነትም የለም። ደግሜ ቀባሁ። ሽው! ቱቦው አረፋውን ጠጣው። ሞተሩም ለአፍታ ልስልስ አለ።

ወይ እኔ! ጎማ ይተነፍሳል፤ ሞተር ግን ይምጋል! የሚነፋውን ስፈልግ የሚጠጣውን እንዴት ልየው? "ጠጣ! ጠጣ!" ብዬ ጮኽኩ። ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ እየሮጠ መጣ፣ መርዝ የጠጣ ሰው ያለ መስሎት። ልጄ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም። ሥራ ረፈደባት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ወደ ፍሬኑ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ነው። ከሥሩ ተሰንጥቋል። የጎማ ማጣበቂያዬን፣ ማስቲሼን አወጣሁ። መካኒኩ ስደውልለት፣ "አባባ በሞቴ! ይሄ አይለጠፍም፣ ይለወጣል።" የፍሬን ነገር ነው... ኩራቴን ዋጥኩ። አዲስ ገዝቼ በገዛ እጄ አሰርኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ብረት ገዢው ሚዛኑን ተሸክሞ መጣ። ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ! ተነሳች። አትጮኽ፣ አትወርድ።

"የእኔን ስፌት መኪና መሰለች እኮ!" አለ ልብስ ሰፊው።

ብረት ገዢው ወደ ልጄ ዞሮ፣ "እሜቴ፣ ይቺን ነው የሞተች ያልሽኝ?"

መብራቱ ድረስ ሄድን። ቀይ። ቆመች... አልጠፋችም! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"ሻንጣውን ልታደርስ ስትሄድ እኔም አለሁበት" አለች ልጄ።

እንግዲህ ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ። ልብስ ሰፊው መኪናዬን ገፍቶልኛል፤ ጨርቁን ከገበያ አመጣለታለሁ። መካኒኩን ውሸታም ብዬዋለሁ፤ ፊቱ ቆሜ ይቅርታ እላለሁ። ልጄን አስረፍጃታለሁ፤ ሰኞ መሥሪያ ቤቷ በር ድረስ አደርሳታለሁ። የባለቤቴ ደግሞ... ሻንጣው ከኋላ ወንበር ላይ ነው። ነገ በጠዋት። በሰው አይደለም።