የሸራ ክንፌ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን

ታናሽ ወንድሜ በጎረምሳነቴ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን የሸራ ክንፍ ሰርቆ ለእድራችን ድንኳን መጣፊያ ቆራረጠው። ይህን በደል እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

ዛሬ በክንፍ የሚበሩ ሰዎች ታቦር ተራራ ላይ ወጥተዋል ሲሉኝ ሄድኩ። እሱም እያለከለከ ተከተለኝ። አንዲት ሴት ክንፏን ተሸክማ ወደ ቁልቁለቱ ሮጠች፤ እግሯ መሬቱን ለቀቀና ከተራራው ሥር ወዳለው ሐይቅ ተንሳፈፈች። በሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ እንደሚያንዣብቡት ትልልቅ ወፎች፣ እንደ አባ ኮዳዎቹ፣ ክንፏን ሳታርገበግብ ዞረች። እኔም ያለ አስተማሪ፣ እነዚያን ወፎች እያየሁ ነበር ክንፌን የለካሁት። ልኬ ትክክል ነበር። እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ድንኳኑ መጣፊያ አላጣም ነበር» አለ ወንድሜ። «ነገ ከዚህ እዘላለሁ ስትል ፈርቼ ነው። በጆንያ ክር የተሰፋ ክንፍ!»

«ክሩ ጠንካራ ነበር።»

«እሺ፣ ጠንካራ ነበር። ብትዘል ኖሮ ግን ዛሬ ከማን ጋር እጨቃጨቅ ነበር?»

ተራ ወደሚጠብቅ ሌላ ክንፍ ተጠግቼ ስፌቱን አየሁ። ሦስት ጊዜ ተደራርቦ የተሰፋ ነው። የእኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ፤ አልከለከልኩትም። ስለዚያ ሸራ ግን ከእንግዲህ ለእሱም ለማንም አንድ ቃል አልናገርም።