በምላጭ የተፋቁት ዐሥራ አንድ ፎቶዎች

እኔ በዚህ ሰፈር ፎቶ ቤት ከፍቼ አርባ ሦስት ዓመት የሠራሁት፣ አሁን ኩላሊቴ የደከመ፣ አእምሮዬ ግን ያልደከመ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ ዛሬ ሐሙስ ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በመኝታ ክፍሌ፣ በአራት ምስክሮች፣ በጡረተኛዋ ነርስ፣ በልብስ ሰፊው፣ በመድኃኒት ሻጩና በአናጢው ፊት ይህን ኑዛዜ በቃሌ ተናግሬ አስጽፌያለሁ። ያስገደደኝ የለም። ጡረተኛዋ ነርስ ገና ሳልጀምር ቀኑን፣ የልጄን ዕድሜና የጎረቤቴን ሥራ ጠየቀችኝ። የጎረቤቴ ሥራ ሰው ማማት ነው ብዬ መለስሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከምስክሮቹ አንዱ ስለሆነ ሁሉም ሳቁ። አእምሮዬ ደህና መሆኑ በዚህ ይታወቅ።

ጸሐፊው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። እንዳያሳምርልኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

አንደኛ። ለቅሶዬ ላይ ፎቶዬ አይቁም፤ ሣጥኔም ላይ አይለጠፍ። በሥራ ዘመኔ የስንቱን ሟች ኪንታሮት አንሥቼ፣ የወለቀ ጥርሱን ሞልቼ ለለቅሶ ሰጥቻለሁ። ዘመዶቹም «ቁርጥ እሱን!» እያሉ ያለቅሱበት ነበር።

ሁለተኛ። ካሜራዎቼንና የፎቶ ማጉያውን የሙያ ትምህርት ቤቱ ይውሰድ። ምላጮቹ ይጣሉ።

ሦስተኛ። ይህ የተኛሁበት ቤት ከነግቢው የእህቴ ልጅ ይሁን። የምሰጣት ስለምታስታምመኝና ሽንቴን ስለምትደፋልኝ አይደለም። የእናቷ ስለሆነ ነው። ምክንያቱን እናገራለሁ፤ ማንም አያቋርጠኝ።

እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ነበር። አንድ ቀን አንሶላ የሚቀቀልበት በርሜል ተገለበጠና የፈላው የሶዳ ውኃ ግራ ፊቷን ከጆሮዋ እስከ አገጯ ልጦ ወሰደው። ካሣ ብለው ይህን ቦታ ሰጧት። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ለማስጨረስ የተላክሁት እኔ ነበርሁ። በስሜ አስጨረስሁት። ስነግራት «ያው ነው፤ አንተም እኔም አንድ አይደለን?» አለች። እኔም «ያው ነው» አልሁ።

በሠርጌ ቀን ፎቶ ስንነሣ ከኋላዬ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ሟች ሚስቴ አየችውና፣ «ይሄ እኮ ሳሎን ሊሰቀል ነው! እንግዳ ምሳውን እየበላ ይችን ፊት ሊያይ?» አለች። የተናገረችው ሚስቴ ናት፤ ምላጩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከኔጌቲቩ፣ ፎቶው ከሚታተምበት ፊልም ላይ የተፋቀ ነገር ፎቶው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እህቴን ፍቄ ጥቁር መጋረጃ አደረግኋት። እጇን ብቻ ተውሁት። ልፋቀው ብል ሱፌ ይበላሽብኝ ነበር። ለሱፌ ሳስቼ ነው እንጂ ለእሷ አዝኜ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቀኝ ሌሎቹን ዐሥሩን ፋቅሁ። ቤት ውስጥ በተነሣነው ላይ መጋረጃ፣ ሜዳ ላይ በተነሣነው ላይ የዛፍ ግንድ አደረግኋት። አንዱ በአምስት ዓመቴ እጄን ይዛኝ የተነሣነው ነው። ኔጌቲቩን ሥራ ካስተማረኝ ሰው ፎቶ ቤት ለምኜ ነው ያመጣሁት። በዚያ ፎቶ ላይ ፊቷ ገና አልተቃጠለም ነበር። ለምን እንደፋቅሁት ዛሬም አላውቅም። እጄ ለምዶ ነበር መሰለኝ።

እህቴ ሳሎን ገብታ ግድግዳውን አየች። «መጋረጃ ገዛችሁ እንዴ?» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በፊተኛው በር ገብታ አታውቅም። ጓሮ ባለው ክፍል ኖረች፤ ልጇንም እዚያው አሳድጋ ሞተች። ልጄ ያደገው «ልብስ አጣቢዋ» እያለ ሲጠራት ነው። ሰምቼ አላረምሁትም። የእህቴ ልጅ ዛሬ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የምታድረው በዚያው ክፍል ነው።

ባለፈው ወር ልጄ ልጆቹን ሰብስቦ እነዚህኑ ፎቶዎች በቴሌቪዥን እያሳየ የዘር ታሪክ አስተማራቸው። ልጄን ቤተሰቡ «ሊቀ መንበር» ይለዋል፤ ሁለት ሰው በተቀመጠበት ስብሰባ ይከፍታልና። «አያታችሁ መጋረጃ ነፍሱ ነበር» አላቸው። ትንሿ የልጅ ልጄ፣ «ይሄ እጅ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የአያታችሁ እናት! ልጇን ስትመርቅ!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሠርጌ ቀን እናቴ ከሞተች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ሚስቱ አጨበጨበች።

የእህቴ ልጅ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። «የእናቴ እጅ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ልጄ ሳቀ። «እናትሽ የዚህ ቤት ዘመድ ናት ካልሽ፣ እስቲ የትኛው ፎቶ ላይ እንዳለች አሳዪኝ?» አላት። ክፍሉን ለመኪና ማቆሚያ እፈልገዋለሁ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ልቀቂ ብሎም ጨመረበት። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። እኔ ለስላሳዬን ጠጣሁ። ልጄን ተጸየፍሁት እንዳልል፣ ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ልጄ ሳይጠራ ገባ። ጸሐፊው ብዕሩን ሲያነሣ፣ «ጻፍ፤ የሚለውን ሁሉ ጻፍ» አልሁት።

«አባዬ፣ ደክሞሃል። እንዲህ የሚያስለፈልፍህ መድኃኒቱ ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ መድኃኒት አልወሰዱም» አለች ነርሷ።

«እናንተ ደግሞ ምን ቤት ናችሁ? አባቴን ከባችሁ ተረት ታጽፉታላችሁ?»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው። «የአክስትህን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። አንገቱን እስከ ጆሮዬ ከፍ አድርግልኝ ትለኝ ነበር፣ በግራ በኩል ብቻ። ልኳን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«በሰው ፊት አዋረድከኝ» አለ ልጄ ወደ እኔ ዞሮ። ስለ አክስቱ አንዲት ቃል አልጠየቀም። «አሁን ልጆቼን ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን» አልሁት።

«ቴሌቪዥኑን እኔ እከፍትልሃለሁ» አለ ልብስ ሰፊው። ልጄ በሩን አላትሞት ወጣ።

አራተኛ። መንገድ ዳር ያለውን ፎቶ ቤት ለልጄ ሰጥቻለሁ። በራሴ ድካም ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

አምስተኛ። ዐሥራ አንዱን ፎቶ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ ብዬ አስጻፍሁ። ደስ አለኝ፤ ንስሐ የገባሁ መሰለኝ። ተጠርታ መጣችና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች። ጸሐፊው ሦስተኛውንና አምስተኛውን አነበበላት።

«ጋሼ፣ ቤቱን እቀበላለሁ፤ የእናቴ ነው» አለች። «ፎቶዎቹን አልወስድም።»

«ለምን?»

«ምን ልሠራባቸው? እናቴ የለችባቸውም። እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ ያላችሁት።»

ይቅር በዪኝ ልላት አፌን ስከፍት ወደ ነርሷ ዞረች። «አንሶላው ረጥቧል መሰለኝ፤ ስትጨርሱ ጥሩኝ» ብላ ወጣች። አንሶላው ረጥቦ ነበር።

ስለዚህ አምስተኛው ተሰርዞ በዚህ ይተካ። ፎቶዎቹን ልጄ ይውሰድ፤ እንዲህ እንዳሉ የሚስማሙት ለእሱ ነው። ነገር ግን በያንዳንዳቸው ጀርባ «እዚህ ላይ ታላቅ እህቴ ቆማ ነበር፤ የፋቅኋት እኔ ነኝ» ብዬ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። አራቱን ጽፌያለሁ። ሰባት ይቀሩኛል። ሳልጨርስ ብሞት፣ ይህ ወረቀት በሰባቱም ጀርባ እንደተጻፈ ይቆጠር።

ጸሐፊው ሁሉንም ከመጀመሪያው አንብቦልኛል። ስለ አንሶላው የተጻፈው ይውጣ ብሎ ለመነኝ፤ አልፈቀድሁም። ቃሌ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ፎቶ አንሺው (ፊርማ)

ሲናገር ሰምተናል፣ ሲፈርምም አይተናል፦
ጡረተኛዋ ነርስ (ፊርማ)
ልብስ ሰፊው (ፊርማ)
መድኃኒት ሻጩ (ፊርማ)
አናጢው (የጣት አሻራ)