ማቃሰቴ ቢደርስሽ አትምጪ

ዲላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱመይራ
ጎንደር

አሰላሙ ዓለይኩም ዓይኔ፣

አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እኔም ደህና ነኝ። የደብዳቤው ዋና ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ደግሜ ልጻፈው፤ እኔ ደህና ነኝ። ደውዬ ያልነገርኩሽ አክስትሽ ሳዕዳ ሳሎን ስላለች ነው፤ የእሷን ጆሮ ግድግዳ አያግደውም። ጽፌ ስጨርስ ወንድምሽ ሙስአብ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

ሙስአብ አሁን ወፍ አስጎብኚ ሆኗል። ሳትስቂ አንብቢ። ባለፈው እሁድ አንድ ፎቶ አንሺ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሶሪት ካላሳያችሁኝ አለ። ሶሪትን ታውቂያታለሽ፤ ጩኸቷ ማሳውን ይሞላዋል፣ እሷ ግን ቅጠል ውስጥ ተሸሽጋ ትውላለች፤ ያ የክንፏ ቅላት የሚታየው ስትበር ብቻ ነው። ሙስአብ የሶሪት ጩኸት ከስልኩ ወደ ጨርቅ ሱቃችን ፍላሽ ገለበጠና የሱቃችንን ስፒከር ተሸከመ። "አባ፣ አንተም ና፣ አየር ትቀይራለህ" አለኝ። ኢዲዶ ቀበሌ፣ ወደ አቶ ይርጉ የሚባሉ ገበሬ የቡና ማሳ ሄድን። የመጨረሻው መንገድ በሞተር ነው፤ ባለሞተሩ፣ ሙስአብ፣ እኔ፣ በመሃላችን ስፒከሩ። ወገቤ ጉዞውን እስካሁን አልጨረሰም።

አቶ ይርጉ ዋንዛው ላይ ጎጆዋን አሳዩን። ሙስአብ ድምፁን ለቀቀው። ሶሪቷ ሌላ ሶሪት ቦታዋን ሊነጥቅ የመጣ መስሏት ከእንቁላሏ ላይ ተነሳች። ስፒከሩን ዞረችው፣ ጮኸችበት፣ ክንፏን ዘረጋችበት። ፎቶ አንሺው ደስታውን አልቻለውም።

"ጎጆዋ ባዶ ቀረ እኮ" አልኩት።

"አባቴ፣ ሁለት ደቂቃ ናት። ማንም አይጎዳም።"

"አባ ደግሞ!" አለ ሙስአብ። "አንተ በዚሁ ስፒከር ስንት ዓመት ሰው ስትጠራ!"

ይቺ ነካችኝ። እጠራለሁ፣ እውነት ነው። ግን የጠራሁት ሰው ሲመጣ ጨርቁ አለ። ይወደድበታል፣ ይሟገተኛል፣ ሰድቦኝ ይሄዳል፤ ጨርቁ ግን አለ። ይቺ ምስኪን እንቁላሏን ጥላ መጥታ የምትጣላው ከሳጥን ጋር ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት አንድ ቁራ ጎጆው አጠገብ ዱብ አለ።

ልክ ያን ጊዜ የሶሪት ጩኸቱ አለቀና ፍላሹ ወደሚቀጥለው አለፈ። "ታላቅ ቅናሽ! ታላቅ ቅናሽ! ዛሬ ብቻ! ነጅሙዲን ጨርቃ ጨርቅ!" የራሴ ድምፅ ነው። ቁራው ነፍሴ አውጪኝ አለ፤ ሶሪቷም ወደ እንቁላሏ ተመለሰች። ከላይ ቡና ሲለቅሙ የነበሩት ሴቶች ግን ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ወረዱ። ከፊት የመጣችው ወርቂቱ የምትባል ናት።

"ጨርቁ የታለ?" አለችኝ።

"ዲላ ነው።"

"ታዲያ ዲላ ሆነህ አትጣራም?"

"ዛሬ ብቻ" ማለት ከጀመርኩ ዓመታት ስላለፉ ስለ እውነተኛ ጥሪ ብዙ ባልናገር ይሻላል። ሙስአብ ግን ስፒከሩን አጠፋው፤ ፎቶ አንሺው ቢለምነውም መልሶ አልከፈተውም።

ቤት ስንገባ ሙስአብ ወገቤን አሸኝ። አቃሰትኩ። በደንብ ነው ያቃሰትኩት። ቀና ብል አክስትሽ በስልኳ እየቀዳችኝ ነው።

"ምን ልታደርጊበት?"

"ለሱመይራ ልልክላታ! ነይ ብንላት አትመጣም፤ ይህን ከሰማች በማግስቱ እዚህ ናት። የሻሸመኔዎቹም ያን ጊዜ ይመጣሉ።"

የሻሸመኔዎቹ የምትላቸው ለልጃቸው አንቺን የጠየቁት ናቸው። ልጁ ጨዋ ነው ትላለች። ይሆናል፤ እስካሁን የነገረችኝ ስለ አይሱዙው ብቻ ነው።

"ፈተናዋስ?" አልኳት።

"ፈተና በየዓመቱ አለ።"

"ባልም በየዓመቱ አለ።"

"ነጅሙ፣ ልጅህ እንድትመጣ አትፈልግም እንዴ?"

ይህን ብላ ቀረጻውን አሰማችኝ። ልጄ፣ ግሩም ነው፤ ሰምቼ ራሴን ልጠይቅ ልነሳ ነበር። አጥፊው ብላት እምቢ አለች። ዓርብ ትልከዋለች።

እንግዲህ ከደረሰሽ፣ ድምፁ የእኔ ነው፣ ማቃሰቱም የምር ነው፤ ጥሪው ግን የእኔ አይደለም። ከመጽሐፍሽ እንዳትነሺ። የሻሸመኔው ልጅ ጨዋ ከሆነ እስክትጨርሺ ይቆያል፤ ካልቆየም አይሱዙ አለው፣ መሄጃ አያጣም። ከፈተናው በኋላ መምጣት ካሰኘሽ በራስሽ ጊዜ ነይ፤ ሳሎን የሚጠብቅሽ እንግዳ እንዳይኖር እኔ አለሁ። አክስትሽን አትቀየሚያት። ማንም የማይተኛበትን አልጋሽን በየጁምዓው አዲስ አንሶላ ታለብሰዋለች።

አላህ የደከምሽበትን አያስቀርብሽ፤ ጥያቄውን ከምታውቂው ያውጣልሽ፤ የፈታኞችሽንም ልብ ያራራው።

ድምፄን በደህናው መስማት ካሻሽ ከኢሻ በኋላ ደውዪ፤ አክስትሽ ትተኛለች። ስልኩን ትራሴ ሥር ነው የማሳድረው፤ ለደንበኞች ብዬ። በዚያ ሰዓት ጨርቅ ፈልጎ የደወለ ሰው ግን እስካሁን የለም።

አባትሽ
ነጅሙዲን