የእማማ ወለተ ሚካኤልን ስም ስለ በላው ፕሪንተርዎ

ለተከበሩ አቶ አማረ ፍቅረ ሥላሴ
የጓሳ ሜዳ ቀበሌ የጎልማሶች የማታ ትምህርት አስተባባሪ
ባሉበት

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ከብቶችዎም፣ በመኝታ ክፍልዎ ቁም ሣጥን ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ፕሪንተርዎም በፍጹም ጤና እንድትገኙ ምኞቴ ነው። በተለይ የዓይንዎን ጤንነት አጥብቄ እመኛለሁ። እርስዎ የሰው ዓይን ሲደክም ከሩቅ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ፣ የራስዎ የደከመ ዕለት ማን ይነግርዎታል እያልኩ እሰጋለሁ።

ጸሐፊው እንዳላማው የሺዋስ ነኝ፤ ከገበያው በላይ ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት። እስከ አምና ድረስ የራሴን ስም ከማዳበሪያ ከረጢት ጽሑፍ ለይቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሳያግዘኝ፣ በገዛ እጄ፣ በእስክሪብቶ ይህን የሚያህል ደብዳቤ ጻፍኩልዎ። ከሃያ ሦስቱ የማታ ተማሪዎች አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ የወጣውም ከእኔ ገልብጦ ስለሆነ እሱም እኔው ነኝ። ይህን የምነግርዎ ለመመካት አይደለም። ልመካ ብነሳማ ወረቀቱ አይበቃኝም።

ደብዳቤውን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስቴም «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለውኛል። በሦስተኛው ቀን በክፍሉ ውስጥ ከእርስዎ በቀር ሰው ስላልነበረ፣ ስብሰባው ከማን ጋር እንደነበረ እስካሁን እየገረመኝ ነው። እንግዲህ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥርም ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና።

1ኛ. ስለ ቀለሙ። በምረቃችን ዕለት ባደረጉት ረጅምና አስተማሪ ንግግር እንደገለጹልን፣ የምስክር ወረቀቶቻችንን ያተሙት እቤትዎ፣ በራስዎ ፕሪንተር ነው። ለዚህ ድካምዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የካርትሪጁ ቀለም ሲያልቅብዎ ግን እንደ ማንም ተራ ሰው የፕሪንተር ቀለም ፈልገው አልሞሉትም። በልጅነትዎ ዲማ የቆሎ ተማሪ ሳሉ የሚያውቁትን የብራና ቀለም፣ ያንን ከጥላሸት የሚዘጋጀውን፣ ከአንድ ጸሐፊ ለምነው አምጥተው፣ ከብት በሚወጋበት መርፌ ካርትሪጁን ወጉት። «የፋብሪካ ቀለም በዓመቱ ይደበዝዛል፤ የአባቶቻችን ቀለም ግን አምስት መቶ ዓመት ይኖራል» ብለው መርፌውን ከፍ አድርገው ሲያሳዩን እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ያኔ አላወቅሁም ነበርና ይቅር ይበሉኝ።

ቀለሙ ምንም በደል የለበትም። በብርዕ፣ በብራና ላይ፣ በሚያውቅበት ሰው እጅ የተከበረ ቀለም ነው። እርስዎ ግን ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ቀለም የሚተፋ ማሽን ውስጥ ጥላሸት ጨመሩበት። እኔ ፊደል ባልቆጠርኩበት ዘመን እንኳ እርጥብ ገብስ ወፍጮ ውስጥ እንደማይጨመር አውቅ ነበር። ቀዳዳው ተደፈነ፤ የሚወጣው ወረቀት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በነጭ መስመር ተሸነሸነ። የስማችን መስመር ያለበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ ባዶ ሆነ። አብረውን ከተመረቁት ከእማማ ወለተ ሚካኤል ስም የተረፈው የ«ወ» አናት ብቻ ነበር። በእጅዎ የፈረሙት ፊርማዎና በእጅዎ የመቱት ማኅተም ግን፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና፣ ከሩቅ ይነበባሉ።

2ኛ. ስለ ምረቃው። በቀበሌያችን የማታ ትምህርት ልማድ ተመራቂ ሁሉ በሕዝብ ፊት ቆሞ የራሱን የምስክር ወረቀት ጮክ ብሎ ያነባል፤ በዕለቱ ሌላ ፈተና የለም። ቤተ ዘመዱም የሚመጣው ይህንኑ ለመስማት ነው። ወረቀቶቹ ሲወጡ አንድ ጊዜ ዓይንዎን ጣል ቢያደርጉባቸው ኖሮ ለዚህ ደብዳቤ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላበላሸሁም ነበር። ለካ እንድናነብ የሚጠበቅብን እኛ ብቻ ነን።

አንደኛ ስለ ወጣሁ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን ገለጥኩት። የሚነበብ ነገር የለበትም። ሚስቴ ሥራነሽ ከፊት ተቀምጣ አፌን ታያለች፤ አማቾቼ አሉ፤ ወፍጮ ቤቴ ተሰልፈው የሚያሙኝ ሁሉ አሉ። ታዲያ ምን አደረግሁ? አነበብኩት! ያልተጻፈውን፣ ከራሴ አውጥቼ፣ ድምፅ ማጉያው እስኪጮህ አነበብኩት። «በከፍተኛ ማዕረግ» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እልልታው ደብረ ኤልያስ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከእኔ በኋላ የተጠሩትም ወረቀታቸውን ገልጠው ደነገጡ። እንዳላማው ያነበበውን እኔ እንዴት ያቅተኛል ብለው፣ ስሙን እየለወጡ የእኔን ቃል ደገሙት። ደመላሽ አናጢው ወረቀቱን ዘቅዝቆ ይዞ ነበር፤ እሱም «አነበበ»፤ እሱም ተጨበጨበለት።

በመጨረሻ እማማ ወለተ ሚካኤል ተነሡ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለዕለቱ ያሰፉትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩት። ከዚያም «ስሜ የለም» አሉ። ይህን ጊዜ እርስዎ፣ የተከበሩት አቶ አማረ፣ ድምፅ ማጉያውን አንሥተው፣ «እማማ፣ ስሙስ አለ፤ የደከመው ዓይንዎ ነው። እንዳላማው ይህንኑ አንብቦት የለ? ይቀመጡ፣ ይረፉ» አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም «እውነትህን ነው ልጄ፤ ጠፋብኝ» ብለው ወረቀቱን በአራት አጥፈው ተቀመጡ።

ወረቀቱን ሳይመለከቱ ዓይን የመረመሩበት ይህ ጥበብ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ልጄን ልልከው አስቤያለሁ።

3ኛ. ስለ ምርመራዬ። የእኔን ወረቀት መስታወት አስገብቼ ወፍጮ ቤቴ ልሰቅለው ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰድኩት። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያላት ቀድሪያ ወደ መብራት አንሥታ አየችውና፣ «ይሄንን የሰጠህ ሰው ጠላትህ ነው ወይስ ወዳጅህ?» አለችኝ። አስተማሪዬ ነው አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝን እንዳለ አቀርብልዎታለሁ። ካርትሪጅ ማስሞላት ነውር አይደለም፤ እሷም ትሞላለች፣ ከተማው ሁሉ ያስሞላል። ነገር ግን ለማሽኑ የተሠራ ስስ ቀለም ያስፈልጋል፤ ሳይደርቅ መሞላት አለበት፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ የመሞከሪያ ወረቀት አትሞ ማየት ያስፈልጋል። ነጭ መስመር ከታየ ቀዳዳውን አጽድቶ እንደገና መሞከር፤ እንቢ ካለ መጣል። ይኸው ነው። አንድ ወረቀት አትሞ ማየት! ሃያ ሦስት ሰው ከእርሻና ከገበያ ውሎ በደከመ ዓይኑ ዓመት ሙሉ ፊደል አየ፤ እርስዎ አንዲት ወረቀት ማየት ከበደዎት።

4ኛ. ስለ እማማ ወለተ ሚካኤል አውራ ጣት። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ያላወቁት ይሆናል፤ እኒህ ሴት በዚህ ዕድሜያቸው ማታ ማታ ደብተር የያዙት አምሮባቸው አይደለም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የግጦሽ ስምምነት ነው ተብለው ጣታቸውን ያሳረፉበት ወረቀት፣ የጓሯቸውን የባሕር ዛፍ መሬት ለባላቸው ወንድም የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛ ያላነበብኩትን አልፈርምም» ብለው ማሉ። ስማቸውን አጣርተው የጻፉ ዕለት እስክሪብቶውን አልመልስም ብለው ይዘውት ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር።

ባለፈው ሐሙስ የቀረችው መሬታቸው የድንበር ወረቀት መጥቶ ቀበሌ ተጠሩ። ከኋላቸው ተሰልፌ ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ስታቀርብላቸው እስክሪብቶውን መልሰው አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። ምን ይላል ብለው እንኳ አልጠየቁም። ጣታቸው ሰማያዊ ሆኖ ወጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉት አጠገቤ አለፉ።

ተከትያቸው ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ዓይንዎ ደህና ነው፣ ቀለሙ ነው፣ እኔም ያነበብኩ መስዬ ዋሽቼ ነው ብዬ ማልኩላቸው። «አንተ ቀላማጅ» አሉኝ፤ «ወፍጮዬ እየፈጨ ይዘፍናል ብለህ ጆሮዬን በሩ ላይ አስለጥፈህ ያሳቅህብኝ አንተ አይደለህም? የአስተባባሪውን ቃል ትቼ የአንተን ልመን?» እውነታቸውን ነው። በቀልዴ ከዚህ ቀበሌ አንደኛ ነኝ፤ አንደኛነቴ የጎዳኝ ግን ይህን አንድ ቀን ብቻ ነው። ቃሌ እሳቸው ዘንድ አይመዝንም። የሚመዝነው የእርስዎ ነው፤ በምን ሚዛን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

5ኛ. ስለ ሪፖርትዎ። «ሃያ ሁለት ተመራቂዎች በሕዝብ ፊት በብቃት አንብበዋል፤ አንዲት ተመራቂ በዓይን ድካም ምክንያት አልቻለችም» ብለው ወደ ላይ መላክዎን ሰምቻለሁ። የተከበሩ አቶ አማረ ሆይ፣ ልክ ገልብጠው ጻፉት። በዚያ ቀን ሃያ ሁለታችን አላነበብንም፤ የሌለ ነገር ቀባጠርን። ወረቀቱ ላይ ያለውን አንብበው የተናገሩት እማማ ወለተ ሚካኤል ብቻ ናቸው። ስማቸው አልነበረም፤ የለም አሉ። ዓመት ሙሉ ባስተማሩት ትምህርት አንድ ሰው ብቻ ለፍሬ አብቅተው፣ እሳቸውኑ ሰው እያሳቁባቸው አስቀመጧቸው። ለዚህ ታላቅ ውጤትዎ ከልብ እናመሰግናለን።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። በመጪው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያው ቦታ፣ ያንኑ ድምፅ ማጉያ ይዘው ይምጡ። የእማማን ወረቀት ከታጠፈበት ገልጠው በሕዝቡ ፊት ያንብቡት። ስማቸውን ከዚያ ወረቀት ላይ ካነበቡት እኔ ወፍጮዬን ዘግቼ፣ ከእግርዎ ሥር ተቀምጬ፣ ከ«ሀ» ጀምሬ እንደገና እማራለሁ። ማንበብ ካቃተዎት ግን «ስሙ የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» የምትለዋን አጭር ዐረፍተ ነገር ይበሉ። ከብዶዎት ከሆነ በትልልቅ ፊደል ጽፌ አመጣልዎታለሁ። ከእርስዎ ቀጥሎ ድምፅ ማጉያውን እኔ እቀበልና ውሸቴን በዚያው ሕዝብ ፊት እናዘዛለሁ፤ ሥራነሽም ትስማ፣ አማቾቼም ይስሙ። ከሁለታችን መጀመሪያ የሚያፍረው ማን እንደሚሆን አብረን እናያለን።

ጥላሸት ከመርፌዎ፣ መርፌም ከእጅዎ እንዳይለይ፣ የሚያጨበጭብልዎም ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ባስተማሩኝ ፊደል የምወቅስዎ፣ ባስተማሩኝ ቁጥር በደልዎን የምቆጥር፣ ታዛዥና አመስጋኝ ተማሪዎ፦

እንዳላማው የሺዋስ
(ፊርማ እንጂ አሻራ አይደለም)

ከፈረምኩ በኋላ የመጣ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለእማማ ወለተ ሚካኤል ወስጄላቸው ነበር። እንዲያነቡት ብሰጣቸው ሳይገልጡ መለሱልኝ፤ ስለዚህ እኔው ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ስጨርስ ስድቡን እንድሰርዝ ለመኑኝ። «ደግ ሰው ነው እኮ፤ ሌላው ሁሉ እያቆላመጠ ጎበዝ ሲለኝ እውነቱን የነገረኝ እሱ ነው። አመሰግንሃለሁ ብላሃለች በልልኝ» አሉ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እኔ ያመሰገንኩዎት ሁሉ ውሸት ነው። የእሳቸው ምስጋና ግን ከልባቸው ነው፤ ይኸው አድርሻለሁ።