በልክ የተሰፋ ኮምፒውተር

ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከሱቄ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ልጄ፣ ለድንቡሼ፤

እንዴት ነህልኝ? ሰውነትህ፣ ሥራህ፣ ያ ጠባብ ክፍልህስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ አልፎ አልፎ ያኮርፈኛል፣ ትንሽ ጋደም ስልለት ደግሞ ይታረቀኛል። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ዘይት ሲጠማት ብቻ ትጮኻለች። አጎትህ ሰላም ብሎሃል። ታክሲውን አሁንም ከሚስቱ አብልጦ ያጥባታል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ነርስ ደንበኛዬ ናት። ለሥልጠና አንተ ወዳለህበት ከተማ እንደምትሄድ የነገረችኝ ለቀሚስ ስለካት ነው። ሜትሩን ወገቧ ላይ እንዳዞርኩ ደርቄ ቀረሁ። ለልጄ እቃ ታደርሺልኛለሽ ወይ ስላት፣ ትንሽ ከሆነ አለችኝ። እቃው ትንሽ ነው፤ ወሬው ግን ብዙ ስለሆነ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። በስልክ እንደሆነ አንተን አላገኝህም። "ደህና ነኝ እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ" ትላለህ፤ እኔም እሺ እላለሁ፤ ከዚያ የተዘጋውን ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ ትንሽ እቆያለሁ።

እቅጩን ልንገርህ፤ ድምፅህ ናፍቆኛል። "ደህና ነኝ" የሚለው ድምፅህ አይደለም፤ እሱንማ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። የናፈቀኝ የጨዋታው ድምፅህ ነው። እዚህ እያለህ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የደንበኛ ልብስ ስዘመዝም፣ አንተ ከግድግዳው ወዲያ ያን ትልቅ ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ደፍተህ ከጓደኞችህ ጋር ትጫወት ነበር። "ከኋላህ ነው አልኩህኮ፣ ከኋላህ!" እያልክ ትጮህና ትንሽ ቆይተህ ቤቱ እስኪናወጥ ትስቃለህ። እኔ ደግሞ ጎረቤት ተኝቷል እያልኩ ግድግዳውን በመቀሱ እጀታ እደበድባለሁ። እጄን በቆረጠው። አሁን ጎረቤትም ሰላም ነው፣ እኔም ሰላም ነኝ፣ ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል።

ለዚህ ነው ባለፈው "ሥራ የሌለኝ ቀን ሁልጊዜ ጌም ላይ ነኝ፤ ከፈለግሽኝ እዚያ ነይ" ብለህ ስትቀልድብኝ ቀልዱን የምር አድርጌ የያዝኩት። ለምን አልመጣም? በዚህ ዕድሜዬ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር የማስገባ ሴት ማውስ ያቅተኛል? ያንተን ኮምፒውተር ይዘኸው ስለሄድክ ጠረጴዛህ ባዶውን ነው። እዚያ ላይ አንድ መካከለኛ የጌም ኮምፒውተር ላስቀምጥ፣ ማዳመጫውን ልድፋና ካለህበት ልምጣ ብዬ ወሰንኩ።

ውሳኔው ቀላል ነበር፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተገጣጥሞ ያለቀለት ይገዛ ወይስ እቃው በየፈርጁ ተገዝቶ ይገጣጠም በሚለው ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አጎትህ ያለቀለትን ግዢ፣ ሶኬት ላይ ሰኪው፣ አለቀ ይላል። ሽቦ ግን ይህን መስማት አይፈልግም። ሽቦን መቼም አትረሳውም፣ ከሱቄ ቀጥሎ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር የሚጠግነው ቀጭኑ ሰውዬ። እሱ እንደሚለው ያለቀለት ኮምፒውተር ከውጭ መብራት ያንቦገቡጉበትና ከውስጥ ዓይን የማያየውን እቃ ርካሽ ያደርጉታል። ጌሙን የሚሸከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ እሱን ጠንከር እናድርገውና ሌላው መካከለኛ ይሁን፤ ነገ ሲያረጅ አንዱን አውጥቶ አንዱን መተካት ነው ይላል።

እኔን ታውቀኛለህ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዝግጁ ልብስ ጋር እንደተጣላሁ ነው። ደንበኛ ከሱቅ የገዛውን ሱሪ ይዞ "እትዬ፣ እግሩን አሳጥሪልኝ" ሲለኝ የጎሪጥ ነው የማየው። ስለዚህ ልቤ ወደ ሽቦ ሄደ። ግን ሽቦ ይህን ከዚህ፣ ያንን ከዚያ እስኪያሰባስብ መጠበቅ አለብኝ፤ አጎትህ ያለው ያለቀለቱ ግን እሑድ ቤቴ ይደርሳል። እሑድ ደግሞ አንተ ሥራ የለህም። ዓይነ አዋጅ ሆነብኝ። አንተን ብጠይቅህ "ያለቀለትን ግዢና ተገላገዪ" አልከኝ፤ ከአጎትህ ጋር ሳትመካከሩ አልቀራችሁም።

እናም ቅዳሜ አጎትህ በታክሲው ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ትልቅ ሱቅ ወሰደኝ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። አንዱ ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ ሲበራበት የሠርግ አዳራሽ ይመስላል። ሻጩ ቁጥር በቁጥር ሲያደርገኝ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ልክ ደንበኞቼ ስለ ጨርቅ ስነግራቸው እንደሚነቀንቁት። ይሞክሩት ብሎ አስቀመጠኝና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

ልጄ፣ የማላውቃቸው ልጆች ጆሮዬ ውስጥ ይስቁ ጀመር። ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዱ አንዱን "አንተ ፈሪ" ይለዋል። መሐል ላይ አንደኛው "ቆይ፣ እናቴ እየጠራችኝ ነው" ብሎ ዝም አለ። የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ እስኪመለስ ግን ጠበቅኩት። ሲመለስ ማዳመጫውን አወለቅኩ። ሻጩ "ድምፁ በዛብዎት?" ሲለኝ፣ አዎ፣ በዛብኝ አልኩት።

ልቤ እዚያው ቆረጠ። የልብስ ሰፊነት ኩራቴ ገደል ይግባ፣ ዝግጁውን እገዛለሁ አልኩ። ሰውዬውን እስከ ነገ እንዳትሸጠው አልነውና ወጣን። አጎትህ ክርክሩን ስላሸነፈ መንገዱን ሁሉ ሲያፏጭ ነበር።

ሽቦ ከሰው አፍ ሰምቶ እንዳይቀየመኝ ራሴ ልንገረው ብዬ ወደ ሱቁ ጎራ አልኩ። አልተቀየመኝም። እንዲያውም ኮምፒውተሩ እስኪገባ አንተን ጌሙ ውስጥ እንዴት እንደማገኝህ ላሳይሽ ብሎ የራሱን ከፈተ። በምን ስም እንደምትጫወት ቢጠይቀኝ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው የደወልኩልህ፤ አንተም ሳቅ ብለህ "ድንቡሼ ነዋ" አልከኝ። ልጄ፣ ጺም ካወጣህ ወዲህ ይህን ስም የጠላኸው መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ ባወጣሁልህ ስም ነው በማታውቀው ሰው መሐል የምትጠራው። ሱቁ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ሽቦ ስምህን ጻፈና አገኘህ። ሕፃን ሆነህ የሰፋሁልህን ቢጫ ኮፍያ ፎቶ ነው የለጠፍክበት፤ አንተ ለመሆንህ ምንም አያጠራጥርም። ከዚያ ሽቦ አንገቱን ማከክ ጀመረ። ምነው ስለው በጣቱ ስክሪኑን አሳየኝ። ለካ ይህ ጌም ሰው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደገባ ያሳያል። ካለፈው ክረምት ወዲህ አልገባህም ይላል።

"ኔትወርኩ ይሆናል" አልኩት።

"አዎ እትዬ፣ ኔትወርኩ ነው" አለኝ።

ከዚያ ቁጭ ብለን ስለ ኔትወርክ መጥፎነት ብዙ አወራን።

ያለፈው ክረምት ማለት አሮጌዋ የስፌት መኪናዬ ሞተሯ ተቃጥሎ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩበት፣ አንተም ይህችን አዲሷን የላክልኝ ጊዜ ነው። ይህን ያነሳሁት እንዲያው ጊዜውን ለማስታወስ ያህል ነው። ቤት ገብቼ ቀሚስ ልሰፋባት ተቀመጥኩ፤ ፔዳሉን መርገጥ ግን አቃተኝ። እጄን ላይዋ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

በማግስቱ አጎትህ ታክሲውን አሞቆ በር ላይ ሲያንባርቅ፣ ዝግጁውን ተወው፣ ይገጣጠማል አልኩት። ተንጨረጨረ። "እታለም፣ ሰውዬውን ጠብቀን ብለን መጥተን!" ብሎ ታክሲዋን ሁለቴ ዞራት። ልቤ ተቀየረ አልኩት እንጂ ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ እሱ ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም።

ምክንያቱ አንድ ነው። ያንን የመስታወት ሣጥን አቅፎ አገር የሚያቋርጥልኝ መንገደኛ የለም። በየፈርጁ የተገዛ እቃ ግን ሰው ሻንጣ ውስጥ፣ በልብስና በልብስ መሐል ይገባል። ሽቦን፣ እቃውን ምረጥልኝ፣ ግን እንዳትገጣጥመው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ወዴት ሊሄድ ነው እትዬ?"

"ወደ ባለቤቱ" አልኩት።

ሌላ አልጠየቀኝም። እንግዲያው ከግራፊክስ ካርዱ እንጀምር ብሎ መነጽሩን ጠረገ።

ነርሷ ይዛልህ የመጣችው እሱን ነው። ሽቦ ምን ምን እንደምትጫወት፣ የቱ እንደሚያስቅህ፣ የቱ እንደሚያናድድህ ሲጠይቀኝ በግድግዳ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ እሱም በዚያ ልክ መረጠ። ስለዚህ በልክህ የተሰፋ ነው ማለት እችላለሁ። ግን ካርዱን ልገድለው ነበር። እቃው ክቡር ነው ብዬ ከሙሽራ ካባ የተረፈኝን ቬልቬት አውጥቼ፣ ካርዱን ራቁቱን አድርጌ፣ እንደ ሕፃን ስጠቀልለው ሽቦ ደረሰብኝ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ቬልቬት ሲፈተግ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ካርዱን ያቃጥለዋል አለ። ስንት ዘመን ጨርቅ ስነካ ኖሬ ይህን ከሽቦ ሰማሁ። አሁን በራሱ ግራጫ ከረጢት፣ ከዚያ በካርቶኑ ውስጥ ነው። ቬልቬቱን ከካርቶኑ ውጭ አለበስኩት፤ እሱንስ ማን ይከለክለኛል።

ያንተ ኮምፒውተር ሳያረጅ አይቀርም፤ በእሱ ቦታ ተካው። ካላረጀም መጠባበቂያ ይሁንህ። ለምን፣ እንዴት እያልክ እንዳትደውልልኝ፤ እኔም አልጠየቅኩህም። የቀረውን መንገደኛ ባገኘሁ ቁጥር እልካለሁ፤ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ አብረው ይመጣሉ፣ ፓወር ሰፕላዩ ይከተላል። ሣጥኑን ብቻ እዚያው ፈልግ፤ ሽቦ ቆርቆሮ የትም አይጠፋም ብሏል። ስትገጣጥም ከተቸገርክ ለእሱ ደውል፤ ደስታውን አትችለውም።

አብሮ ያለው ሸሚዝ ያንተ ነው። የቆረጥኩት በድሮው ልክህ ነው፤ ሌላ ልክ የለኝም። በሁለቱም ጎን ከውስጥ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ ትቻለሁ፤ ከጠበበህ ማንም ልብስ ሰፊ ይለቅልሃል። ከሰፋህ ግን አትደብቀኝ፤ ትከሻህንና ደረትህን አስለክተህ ቁጥሩን ላክልኝ። መብላትህንና መጥገብህን የማውቀው በዚያ ነው።

እኔ ወደ ጌሙ የመምጣቱን ነገር ትቼዋለሁ። እናት የገባችበት ጨዋታ ምን ያስቃል? ጠረጴዛህ ላይ ለጊዜው የተተኮሰ ልብስ አስቀምጥበታለሁ፤ ስትመጣ አነሳዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። እቃው ሁሉ ደርሶህ፣ ገጣጥመኸው፣ ጓደኞችህ የተሰበሰቡ ቀን ደውልልኝ። ግን አታናግረኝ። ደህና ነኝም አትበለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውና ተጫወት። እኔ እዚህ ሆኜ ልብሴን እዘመዝማለሁ።

የፈለግከውን ያህል ጩኽ፤ ግድግዳውን አልደበድብም።

ክፉ አይንካህ፣ ደግ ሰው አይጥፋብህ፣ እጅህ የያዘው ሁሉ ይቃናልህ። ሳቅህንም አንድዬ ይመልስልህ።

የምትናፍቅህ እናትህ