ከካቡ ሥር የተቀመጥንባቸው ምሽቶች

ጥር 4
ዛሬም ፀሐይ እስክትገባ አስተማርሁ። አሥራ አንድ ልጆች፣ እንደ ወትሮው ከጓሮዬ የድንጋይ ካብ ሥር። ብርሃኑ ሲለዝብ ድንጋዮቹ የዋሉበትን ሙቀት ይተነፍሳሉ... የልጆቹ ንባብ ከዚያ ጋር ሲቀላቀል ዓለም በቀስታ የሚያንቀላፋ ይመስለኛል።

የአናጢው ልጅ ክንዷን አከከች። «እጅሽን ሰብስቢ! በንባብ ላይ ያለ ሰው ሐውልት ነው» አልኋት። ሰበሰበች። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። አካሉን ያልገዛ አሳቡን እንዴት ይገዛል?

ከመካከላቸው የምትቀመጠው የልጅ ልጄ፣ ጉንጯ ላይ የወጣችው እባጭ አልጠፋችላትም።

ጥር 9
ልጄ ጧት መጣችብኝ። «አባዬ፣ የልጄ እባጭ ሁለት ወሩ ነው። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት።»
«ፊቷን በወጉ ትታጠብ።»
«ታጥባ ታጥባ ቆዳዋ ሊላጥ ነው እኮ!»
ቊስል ከንጽሕና ጉድለት ይመጣል እያልሁ ለሰፈሩ የምናገር ሰው... በገዛ ቤቴ? ባለፈው ዓመት የአናጢው ልጅ አፍንጫዋ ላይ ሲወጣባት፣ አባቷን በሰው ፊት «መጀመሪያ ቤትህን ጥረግ» ያልሁት እኔ አይደለሁምን?

ጥር 17
ወሰደቻት። ቊንጭር ነው ተባለ፤ ጠባሳ ትቶ የሚያልፍ የቆዳ ቊስል።

ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው አንዲት የነፍሳት አጥኚ መጣች። የጉሎ ዘይት የተቀቡ ነጫጭ ወረቀቶች በካቡ ስንጥቆች ውስጥ ሰካች።
«ምን ልታጠምጂ ነው?»
«የአሸዋ ዝንብ፣ የኔታ። ቊንጭርን የምታስተላልፈው እርሷ ናት።»
«በዚህ ቤት ዝንብ የለም። ይጠረጋል፤ ይታጠባል።»
ሳቀች። «ቢጠርጉ ባይጠርጉ ግድ የላትም። ጥላ ያለው ስንጥቅ ይኑራት እንጂ! ይህ ካብዎ ለእርሷ ፎቅ ቤት ነው።»
ደፋር ናት። ሥራዋ ግን ጥንቁቅ።

ጥር 18
ወረቀቶቹን ስትሰበስብ ማጉያ መነጽሯን አቀበለችኝ። የአቧራ ቅንጣት የምታህል፣ የገለባ መልክ ያላት፣ ጠጉራም... ክንፎቿን ወደ ላይ እንዳነሣች ደርቃለች። ውብ ናት። እንዲህ ያለች ነገር ውብ መሆን ይገባታልን?

ቀን በካቡ ውስጥ ትተኛለች አለችኝ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትወጣለች። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፣ ለእንቁላሏ ደም ስለምትሻ። እንቁላሏንም ከካቡ ሥር፣ ከርጥብ አፈርና ከበሰበሰ ቅጠል መካከል ትጥላለች። ሕመሙን የምትቀበለው ከላይ ከገደሉ ከሚኖሩት ሽኮኮዎች ነው፤ ወደ እኛም ታመጣዋለች። ስትበር ድምፅ የላትም።

«በረራዋም ደካማ ነው፣ የኔታ። ትንሽ ነፋስ ያስቀራታል። ሰው እጁን ካወዛወዘ ትሸሻለች። የሚመቻት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም።

የካቲት 2
ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ። ልጆቹ ከካቡ ሥር ተቀምጠዋል። ከሰማይ የገለባ መልክ ያለው ትቢያ ይወርዳል፣ ያለ ድምፅ... በትከሻቸው፣ በሽፋሽፍታቸው ላይ ያርፋል። የሚያራግፍ የለም። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ፈቃድ ይጠብቃሉ። አፌ አልከፈት አለኝ።

አጥኚዋ ልጆቹን እንዴት እንደማስቀምጥ አልጠየቀችም። ሰዓቱን በማታ ብርድ አመካኝቼ ወደ ጧት ባዛውረው ማን ያውቅብኛል? ስሜም እንደ ተከበረ ይኖራል።
...እንዲህ ብዬ አሰብሁ። እኔ!

የካቲት 3
ወላጆቹን ጠርቼ ቆሜ ተናገርሁ። «በምሽት ከዚህ ካብ ሥር ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። የነከሳቸውን እንዳያባርሩ እጃቸውን ያሰርሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የቤታችሁ አይደለም።»

አናጢው ተነሣ። «የኔታ፣ ቤቴን ሦስት ጊዜ ኖራ ቀባሁት እኮ! ሚስቴን ዝርክርክ ነሽ ብዬ ስንት ቀን አኮረፍኋት!»
«ይቅር በለኝ» አልሁት። ይህን ቃል ከእኔ ለሚያንስ ሰው ተናግሬው አላውቅም።

አናጢው የካቡን ስንጥቅ በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ፦ «የእኔን ይተዉት፤ ሚስቴን ይቅርታ ይጠይቋት። ስንጥቁን ግን ነገ መጥቼ እመርግልዎታለሁ። እርስዎ ጭቃ ያቀብላሉ። ቆሞ ማዘዝ የለም!»
ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ማታውን ሄጄ ሚስቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። በሩን ከፈተችልኝ፤ ይግቡ ግን አላለችኝም።

የካቲት 20
ካቡ ተመረገ። ከሥሩ ያለው ቅጠል ተጠረገ። ትምህርት አሁን ጧት ነው፣ ነፋስ ባለበት። ስምንት ልጆች ብቻ ተመለሱ። ሦስቱን ወላጆቻቸው ከለከሉ። አልፈርድባቸውም።

ሚያዝያ 6
የልጅ ልጄን ለአምስተኛው መርፌ እኔ ወሰድኋት። ቊስሉ ላይ ነው የሚወጓት፤ ጉንጯ ላይ። እየዳነ ነው አሉ።
«አባባ፣ ምልክቱ ይጠፋል?»
ነርሷ ጠቀሰችኝ። ይጠፋል እንድላት ነው።
«አይጠፋም፣ ልጄ። ይቀራል።»
«ጥፋቱ የማን ነው?»
«የእኔ።»
አሰበች። በመስኮቱ የገባው ብርሃን በፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ይዋኛል... ለጥቂት ጊዜ በሕልም ውስጥ ያለን መሰለኝ።
«እሺ። ታዲያ ሲወጉኝ ልጩህ?»
«ጩኺ።»
እጄን ጨምድዳ ጮኸች። በእግሯ አልጋውን ደበደበችው። በኮሪደሩ የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየን። ዝም በይ አላልኋትም።