የፀሐይ ኃይሉ ካርድ

ጥቅምት 4 ቀን 2006፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ነን። ከድር ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ኬብል ይጎትታል፤ እኔ የካርዶቹን ስም ላፕቶፑ ላይ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው መደርደሪያ አለቀ። ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከማዟዟር ሌላ ጥቅም የለውም። ውጭ የወባ በሽተኛ ሰልፍ። ዝናቡ ካባራ ወዲህ እንዲህ ነው።

ማስታወሻዬ፣ «ድርጅታችን» ብዬ ስጽፍልሽ አሁንም አፍራለሁ። ድርጅቱ እኔና ከድር ነን። ሁለት ላፕቶፕ፣ ከአጎቱ ሱቅ ጀርባ አንድ ክፍል። የምንሸጠው የክሊኒክ ካርድ መመዝገቢያ ፕሮግራም። ከሥሩ ያለው፣ መረጃውን የሚያከማቸው ዳታቤዝ የእኛ አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ የማናውቃቸው ሰዎች ሠርተው፣ ኮዱን ክፍት አድርገው፣ ለፈለገ ሁሉ በነጻ የሰጡት ነው። እኛ እዚያ ላይ የራሳችንን ሠራን። ሮቢት ከተማ ውስጥ የመጀመሪያ ደንበኛችን ይህ የግል ክሊኒክ ነው።

ካርድ የሚያወጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ሥራቸውን ልንወስድ የመጣን መስሏቸው ይጠሉናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ፓፓያ ቆርጠው አመጡልን። ከድር ረጅም ስለሆነ የተቃጠለውን አምፖል አስቀየሩት።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

ጀመረ! ሥራ ጀመረ! የክሊኒኩ መዝጋቢ ስም ትጽፋለች፣ ካርዱ ስክሪን ላይ ይመጣል። ክሊኒኩን የሚመሩት ዶ/ር ፈገግ አሉ። ከድር አልሐምዱሊላህ እያለ ግቢውን ዞረው። እትዬ አስካለ ብቻ ገና አላመኑትም። የወረቀት ካርዶቹን ገና እንዳታወጡብኝ አሉ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከቀወት ገጠር አንዲት ሴት መጣች፣ ጉሮሮዋን ታማ። ስሟ ፀሐይ ኃይሉ። መዝጋቢዋ ጽፋ ፈለገች። የለችም። አዲስ ሰው ናት ብላ ባዶ ካርድ ከፈተችላት። ፔኒሲሊን ታዘዘላት። ነርሷ መርፌውን ቀድታ ጨርሳለች።

እትዬ አስካለ በካርድ ክፍሉ መስኮት ሴትየዋን ያዩዋታል። በነጠላ ጫማ ሮጡ። ያን ዕድሜ ይዘው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

«ልጄ፣ እንዳትወጊያት! እሷን ፔኒሲሊን አይስማማትም!»

የወረቀት ካርዷን ከመደርደሪያው አወጡ። በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ተወግታ ተዝለፍልፋ ነበር።

አሁን ደግሞ የሚያመኝን ልጻፍልሽ። ሴትየዋ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነበረች። እኔው ነኝ ያስገባኋት። ቸኩዬ «ጸሀይ ሀይሉ» ብዬ። መዝጋቢዋ የፈለገችው «ፀሐይ ኃይሉ» ብላ። ሲነበብ አንድ ነው። ለማሽኑ ግን ሁለት ሰው።

ሴትየዋ ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ምን ሆናችሁ ብላ እኛን አጽናናችን።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ዶ/ሩ አልጮኹብንም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሰጡን፤ ካልተስተካከለ ማሽኑን አንሱልኝ አሉ። እስከዚያ በወረቀት።

ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ከድር ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው አለ፤ ፍለጋውን የሠራው እሱ ነው። የለም፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። እትዬ አስካለ መጥተው ሁለታችሁም ዝም በሉ አሉን። አንድ ደብተር ሰጡን። ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ። እዚህ ከተቀጠሩ ጀምሮ፣ አንድ ሰው በሁለት ዓይነት ጽሕፈት በመጣ ቁጥር ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፈዋል። ሥዩም፣ ስዩም። ዓለሙ፣ አለሙ። ከድር አንዱን ገጽ አሳየኝ፤ ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፋጡመ። እናቱም በየወረቀቱ በሦስቱም ነው የምትጻፈው።

ማንም ይሥሩ ብሏቸው አይደለም። ሰው ካርዱ ሲጠፋበት ያሳዝነኛል አሉ፣ በቃ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፣ ቀን 8 ሰዓት

ስምንት ቀን። ከድር ፂሙ አድጎ ሽማግሌ መስሏል። ዳታቤዙ አማርኛን እንዲህ አያውቅም፤ ለሚያውቀው ቋንቋ የተሠራውን ክፍል ከፍተን አየን (ክፍት መሆኑ በጀን)፣ በዚያ አምሳል ለእኛ አዲስ ሠራን። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ሲፈለጉ አንድ ይሆናሉ፤ ሰውየው ስሙን የጻፈበት ግን አይነካም። እንደ ፋጡማ ያለው በፊደል ብቻ አይፈታም፤ ለሱ የእትዬ አስካለን ደብተር አስገባን።

ፈተናውን የሰጡት እትዬ አስካለ። ወንበር ስበው፣ መነጽር አድርገው፣ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ጠየቁን። ሁሉም ተገኘ። መጨረሻ ላይ የፀሐይን ስም እሳቸው ራሳቸው በአንድ ጣት ጻፉ። መጣች፣ ከነቀዩ ማስጠንቀቂያ። ተነሥተው ከድርን ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ እኔን። ከዚያ ፂምህን ተላጭ አሉት።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ ቀን 6 ሰዓት

ስልክ ከአ.አ.። አንድ ትልቅ የሶፍትዌር ድርጅት። ዶ/ሩ ማሽኑን ካስቀጠሉት በኋላ ለጓደኛቸው ነግረው፣ ጓደኛቸው ለነሱ። የስም ፍለጋውን ይፈልጉታል። ለኛም ቋሚ ሥራ፣ ቢሮ። አንድ ነገር ብቻ፤ የነሱ ብቻ እንዲሆን። ለሌላ አንሰጥም፣ አናሳይም ብለን እንፈርማለን።

እኔ ለዳታቤዙ ሠሪዎች ልልከው ነበር፣ ለሁሉም እንዲሆን። ለከድር ነግሬው ነበር። ሰምቶኛል ብዬ ነበር።

ኅዳር 6፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ተጣላን። ከጁምዓ ሲመለስ ጠብቄው። በነጻ የወሰድነውን በነጻ እንመልስ አልኩት። ሌላው የሁሉም ነው፣ የኛ የሚባል ይቺ ብቻ ናት፣ እሷንም ከሰጠን ምን እንሸጣለን አለ። እውነቱን ነው እኮ። እኔ ግን አንተ ድሮም እንዲህ ነህ አልኩት። እንዲህ አይደለም፤ ድሮም እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ምን ነካኝ?

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ሲናደድ እንኳ በር ወርውሮ አይዘጋም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 5 ሰዓት

በሩ ላይ ከድር። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ እትዬ አስካለን ሳንጠይቅ እንዴት እንፈርማለን አለኝ። ደብተሩ የሳቸው ነው። ለካ ሌሊቱን እሱም አልተኛም።

ቤታቸው ሄድን፤ ደጅ ማሾ፣ ያን አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ እያበጠሩ ነበር። ከድር ሁሉንም ነገራቸው፣ አ.አ. የሚሰጠንን ሳያሳንስ። በጥሞና ሰሙ።

«ፀሐይ ደብረ ሲና ልጅ ድራለች። እዚያ ብትታመም በዚህ ያገኟታል?»

«የዚያ ድርጅት ደንበኛ ከሆኑ አዎ፣ እትዬ።»

«ካልሆኑስ?»

ከድር አንገቱን ደፋ። እሳቸውም አልገፉበትም። ደብተሩን የጻፍኩት ሰው እንዲገኝ ነው፣ ግን እንጀራችሁን እኔ አልወስንባችሁም፣ ገና ልጆች ናችሁ አሉ። ማሾ በፌስታል ቋጥረው ሰጡን።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ፌስታሉን እሱ ታቅፎ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ከድር ጠዋት ላፕቶፑን ወደኔ ገፋው። ለዳታቤዙ ሠሪዎች ደብዳቤውን አንቺ ጻፊው፣ እንግሊዝኛሽ ይሻላል አለ። እርግጠኛ ነህ ስለው፣ አይደለሁም፣ ጻፊው አለ።

ጻፍኩ። የበሽተኛ ሙሉ ስም አንድም አላስገባንም፤ የፊደል ሕጉንና የስም አጻጻፍ ጥንዶቹን ብቻ። ሠሪዎች በሚለው ሥር ሦስት ስም፤ የእትዬ አስካለን መጀመሪያ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው ሄደ።

አ.አ. ደውሎ አንፈርምም ያላቸው ከድር ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አልተቆጣም። አዝናለሁ ብሎ ዘጋ። ከድር ምሳ አልበላም። እኔም አልበላሁም።

በኋላ ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ማጀቴ ከተማ ውስጥ የሚያውቃቸው ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች። ማንም ፍለጋውን በነጻ ቢያገኝም፣ የሚተክልለት፣ ሲበላሽ የሚመጣለት፣ ካርድ ክፍል ቁጭ ብሎ የሚያስተምርለት ሰው ይፈልጋል፤ የምንሸጠው እሱን ነው አለ። ድምፁ ገና አልጠናም። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትተክላለህ አልኩት። እሺ አለ።

አንድ ላይ እንቀጥላለን። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት፣ መናኸሪያ፣ ወደ ማጀቴ።